የመርጋ ክንድ

ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ በቀለሟ ጓሮ ውስጥ፣ አቮካዶው ሥር ያለው የአግዳሚ ወንበር ሳንቃ በክረምቱ ዝናብ በስብሶ ወደቀ። ባሏ መርጋ የተከላቸው ሁለት ቋሚዎች ግን ንቅንቅ አላሉም፤ እሱ ካረፈ ዓመት አልፎታል። አናጺ መጥራት የማይታሰብ ነው፤ መርጋ በሕይወቱ አናጺ ጠርቶ አያውቅም። ቀድሞ ከፈረሰው አሮጌ አጥር ሁለት ሳንቃ መረጠች፤ የዛጉ ሚስማሮችን ነቅላ በድንጋይ እየቀጠቀጠች አቃናች። ልኩ ከጓዳው በር ጀርባ በመርጋ እጅ በእርሳስ ተጽፏል፦ «አግዳሚ፣ አራት ክንድ።»

ቋሚዎቹን መለካት ትችል ነበር። እሷ ግን የሱን ጽሑፍ አመነች። በክንዷ አራት ጊዜ ለክታ አንዱን ሳንቃ በመጋዝ ቆረጠችው። ስታጋድመው ጫፉ ሁለተኛው ቋሚ ላይ ሳይደርስ ቀረ።

«አራት ነው የለካሁት» አለች ተናዳ።

ጎረቤቷ ሸዋጌጥ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ታይ ነበር። «በማን ክንድ፣ አዴ ቀለሟ?»

ቀለሟ መጋዙን አስቀመጠች። የመርጋ ክንድ ሠላሳ ዓመት ትራሷ ነበር፤ ርዝመቱን እንዴት ትረሳለች?

«ቋሚዎቹን ለኪና ተገላገዪ» አለቻት ሸዋጌጥ።

ቀለሟ ግን ገብታ የመርጋን ኮት ከተሰቀለበት አወረደችና እጅጌውን በቀረው ሳንቃ ላይ ዘረጋችው። ክርኑ ጋ የሳሳውን ቦታ ከሳንቃው ጫፍ አስተካከለች። እስከ እጅጌው ጫፍ ድረስ ኮቱ ለካላት። ከዚያ ወዲያ ያለውን መዳፉን የሚለካላት ግን አልነበረም። የራሷን መዳፍ አስጠጋች። የሱ ጣቶች ከሷ ጣቶች ምን ያህል ያልፉ እንደነበር መዳፏ አልረሳም፤ እዚያ ላይ የመጀመሪያውን ክንድ በእርሳስ አሰመረች።