መርዶ ያልገባበት ቤት

ወንድሜ ናሁሰናይ ለዘጠኝ ቀን ሞቶም ነበር፣ አልሞተምም ነበር። ምክንያቱ መርዶውን ሊነግሩኝ የመጡት ሰዎች ከደጅ መቅረታቸው ነው።

የመጡት ዓርብ ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በመስኮት አየኋቸው። አምስት ነበሩ። ከፊት የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ደምሰው፣ ከኋላቸው ጎረቤታችን እትዬ የሺመቤት፣ ከዚያ ሦስት የሠፈር ሽማግሌዎች። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ፣ አምስት ሰው አንድ ላይ የሚመጣው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ናሁሰናይ ደግሞ ሐሙስ ማታ ይገባል ስል ሳይመጣ አድሯል። ሌላ ወንድምም፣ ሌላ ዘመድም የለኝም።

ጋሽ ደምሰው አንኳኩ። አልከፈትኩም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። በአጥር ላይም፣ መንገድ ላይም አይነገርም። ሰውየው ቤቱ ውስጥ ሆኖ፣ ሰዎች ከግራና ከቀኝ ይዘውት ነው የሚነገረው። እነ ጋሽ ደምሰው ደንብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሙ።

ሦስት ሰዓት ላይ ከወንድሜ ክፍል ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። የክፍሉ በር ዝግ ነበር።

«ናሁ?»

«አቤት።»

«መጥተሃል እንዴ?»

«መጥቻለሁ» አለኝ። በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው ድምፅ «አልመጣሁም» አለኝ። ሁለቱ ቃላት አልተከታተሉም። የሁለት ሰው ድምፅም አልነበሩም።

የማስተምረው ኳንተም ፊዚክስ ነው። ስለዚህ የእሱን በርም አልነካሁትም። ማየት መለካት ነው፤ የተለካ ነገር ደግሞ ከሁለት አንዱን መሆን አለበት።

ሥራ የምሄደው በጓሮ በር ነበር። መርዶ ነጋሪዎቹ ያዩኛል፤ ግን ደጅ ስለሆንኩ ምንም ማለት አይችሉም።

«እንዴት አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትርሲትዬ» ይላሉ እትዬ የሺመቤት። «ቁርስ በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ሹራብ ደርቢ። ዛሬ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ እዚህ ድረስ መጥቷል። ጋሽ ደምሰውን አታዪያቸውም፣ ቆመው ሲያንቀላፉ ነው ያደሩት።»

«ማን? እኔ?» ይላሉ ጋሽ ደምሰው። «ዓይኔን ነው ያሳረፍኩት።»

ዩኒቨርሲቲውም ያውቅ ነበር። ተማሪዎቹ ከወትሮው ቀደም ብለው ይገባሉ፤ ሰሌዳው ተጠርጎ ይጠብቀኛል። ማክሰኞ ኤሌክትሮን ሁለት ቀዳዳ ያለው ግርዶሽ ሲገጥመው፣ ካልተመለከቱት በሁለቱም እንደሚያልፍ ሳስረዳ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ስናየው ግን በአንዱ ነው የሚያልፈው። መራጩ እሱ ነው ወይስ እኛ?»

«አይታወቅም» አልኩት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይከራከረኝ ነበር። ያን ቀን «ይቅርታ ቲቸር» ብሎ ተቀመጠ።

ናሁሰናይ ቆላ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ አማርኛ ያስተምር ነበር፤ ግጥምም ይጽፋል። ከሁለት አንዱን መምረጥ በማይጠይቅ ነገር ላይ ግን ከበሩ ጀርባ ሆኖ እንደ ድሮው ያወራኝ ነበር።

«በሁለት ቀዳዳ ያልፋል እያልሽ ስታስተምሪ እስቅብሽ ነበር» አለኝ አንድ ከሰዓት።

«አሁንስ?»

«አሁን ጠበበኝ።»

በየጠዋቱ በበሩ ሥር አንድ ወረቀት ያወጣልኛል። ሁልጊዜ ያው ግጥም ነው፤ ገና ሁለት ስንኝ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

ጭጋግ ከጦሳ ላይ ወርዶ ከደጅ ቆመ፣

ከእሱ በታች ሁለት ስንኞች አንድ ቦታ ላይ ተጽፈዋል። አንዱ ሌላውን አልሰረዘውም፤ አልሸፈነውምም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይነበባሉ። አንዱ፦

ልሂድ ያለው እግሬ ከልቤ ቀደመ።

ሌላው፦

ልቅር ያለው ልቤ ከእግሬ ቀደመ።

«አንዱን ምረጥና ቀጥል እንጂ» አልኩት።

«መረጥኩ። በመረጥኩ ቁጥር ሁለቱም ይጻፋሉ። ግጥም ማለት እኮ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ነው፣ ትርሲት። እኔ መጣል አቃተኝ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ልደርስ አልቻልኩም።»

ድምፁ ደክሞ ነበር። ድሮ ግጥም እምቢ ሲለው ይሳደባል፣ ሻይ ያስፈላኛል። አሁን ዝም ብሎ ይጽፋል። ብዕሩ ሲሄድ ቀኑን ሙሉ ይሰማኛል።

አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ለስምንት ቀን ሳልጠይቀው ቆየሁ። ሊመጣ በነበረበት ሐሙስ ጠዋት ደውሎልኝ «ዛሬ ልምጣ ወይስ ነገ?» ብሎኝ ነበር። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር፤ ብዙም አላሰብኩበትም። «ዛሬ ና፣ ነገ ክፍል አለኝ» አልኩት። «እሺ» አለ። ያወራነው ይህን ብቻ ነው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ናሁ፣ ዛሬ ና ባልልህ ኖሮ መቼ ትመጣ ነበር?»

«ያው ሐሙስ ነበር የምመጣው፤ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነው የደወልኩት» አለኝ። በዚያው ቅጽበት «ዓርብ ነበር የምመጣው፤ አንቺ ስላልሽ ነው የተነሳሁት» አለኝ።

«ከሁለቱ የትኛው ነው እውነቱ?»

«ሁለቱም። እኔም ማወቅ እፈልግ ነበር።»

ውጭ ዝናብ ጀምሯል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳለ።

«ሰዎቹ በረዳቸው» አለ ናሁሰናይ።

«ልክፈትላቸው?»

«ክፈቺ» አለኝ። «አትክፈቺ» አለኝ።

ከዚያ ተነሳሁ። ወደ ውጭው በር ሰባት እርምጃ ነው። እየተራመድኩ ሳለ የምሄደው እኔ ፈልጌ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሞከርኩ። ሳላውቀው ደረስኩና ከፈትኩ።

ጫማቸውን ጠርገው ገቡ። እትዬ የሺመቤት በቀኝ፣ አንዱ ሽማግሌ በግራ ያዙኝ። ጋሽ ደምሰው ዘጠኝ ቀን ሲያዘጋጁት የቆዩትን ንግግር ረሱት።

«ልጄ» አሉ። «ልጄ... ናሁሰናይ ዐርፏል። ሐሙስ፣ ሲመጣ፣ መኪናው ገደል ገባ። ጓደኞቹ በወጉ ቀብረውታል። እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

ከክፍሉ ይሰማ የነበረው የብዕር ድምፅ ቆመ።

ጮህኩ። እንዳልወድቅ ያዙኝ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

በኋላ እትዬ የሺመቤት የክፍሉን በር ከፈቱት። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ወንበሩ ላይ የወራት አቧራ ነበረ። የጠዋቱን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁት። ከመጀመሪያው ስንኝ ሥር አንድ ስንኝ ብቻ ቀርቷል፦

ልቅር ያለው ልቤ ከእግሬ ቀደመ።

ደጋግሜ አነበብኩት። ሌላ አልሆነም።

«ምን ይላል?» አሉኝ እትዬ የሺመቤት።

«መምጣት አልፈለገም ነበር» አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን መጣ?»

ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። እሳቸውም ወረቀቱን ከእጄ ወስደው፣ አጥፈው፣ ጉያዬ ውስጥ ከተቱልኝ።

በስድስት ሰዓት ድንኳን ተተከለ። አግዳሚ ወንበሮች መጡ፤ ሰው ሞላ። ተማሪዎቼ ከኋላ ተደርድረው ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጋሽ ደምሰው ወደ ድንኳኑ መግቢያ አዩና ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ኖር» አሉ። አጠገባቸው የነበሩትም ብድግ አሉ። መግቢያው ላይ ማንም አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ጠጋ ጠጋ ብለው የአንድ ሰው ቦታ ለቀቁ፤ ተመልሰው ተቀመጡና ስለ ዝናቡ ማውራታቸውን ቀጠሉ። የወንበሩ ሳንቃ ባዶው ቦታ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ታች ጎበጠ።

እትዬ የሺመቤት ንፍሮ እያደሉ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ጭብጥ ይሰጣሉ። ባዶው ቦታ ጋ ሲደርሱ እንደ ሌላው ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው ጭብጣቸውን ፈቱ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። አንዲት ፍሬም መሬት አልወደቀችም።