ወረፋዋን ይዛ የሄደችው

ፀጉር ሠሪዋ ሥራዋን የለቀቀችው ወረፋዋ ከሳሎኑ አልፎ ደረጃው ላይ በደረሰበት ሳምንት ነው። ታላቅ እህቷ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች።

«ሰው ሲጠላ ይለቃል እንጂ ሲወደድ ይለቃል እንዴ?»

«ከጠሉኝ በኋላማ በመስኮት ዳር ወንበርና በሰኞ ዕረፍት ማን ይቀጥረኛል?» አለቻት። አዲሱ ሳሎን ሁለቱንም ሳያንገራግር ፈቅዶላት ነበር።

የቀድሞ አሠሪዋ ግን ሳቁባት። «ደንበኛ የሚመጣው ለቤቱ ብሎ ነው» አሉና ሸኟት።

በመጀመሪያው ቀን ደንበኞቿ ግልብጥ ብለው መጡ። አንዷማ ቢጎዲኑን ከራሷ ሳታወልቅ፣ ከድሮው ሳሎን ተነሥታ መንገዱን አቋርጣ ነው የደረሰችው።

ከሰዓት በኋላ ሻሽ የተከናነቡ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሴት ገቡ። ድምፃቸውን አወፍረው፣ «ለዚህ ሰፈር እንግዳ ነኝ፤ ፀጉሬን ሥሪልኝ» አሉ።

«እሺ እትዬ፣ እንደ ድሮው ወደ ግራ ላስተኛው?»

«እትዬሽ አይደለሁም» አሉ የቀድሞ አሠሪዋ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ግን፣ «አዎ፣ ወደ ግራ» አሉ።

ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሲገቡ ጩኸቱ ጆሯቸውን ደፈነው። የሚያንሾካሹኩ መስሏቸው፣ «አደራሽን፣ መምጣቴን ለሠራተኞቼ እንዳትነግሪ» ብለው ቤቱን አናጉት።

ከጎናቸው ካለው ካስክ ሥር የገዛ ገንዘብ ተቀባያቸው ብቅ አለች።

«እኛም እርስዎ እንዳይሰሙ ብለን ነበር፣ እትዬ» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ፀጉር ሠሪዋ የሁለቱን ቀጠሮ አንድ ላይ አደረገችው፤ ተደብቆ መምጣቱ እንዳያደክማቸው ብላ።