በራሷ ድምፅ ትናገር

1.

ድምፅ አልተሰማም። እንደገና ይሞክሩ።

2.

ይህን የሚለው ታብሌቱ ነው። የያዘችው ታመነች ናት፤ ከዱራሜ ርቃ ባለች ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። ነፍሰ ጡሮችን ትመዘግባለች። ድሮ በወረቀት ነበር። ፕሮጀክቱ ሲመጣ መዝገቡን በካርቶን አሽገው ወሰዱት፤ ተመልሳ እንዳትጽፍበት።

3. የምዝገባ መመሪያ

ሀ) ታብሌቱን ወደ እናትየዋ አፍ አስጠጊ።
ለ) የባሏን ስም ከነአባቱ በራሷ ድምፅ ትናገር።
ሐ) አንቺ አትናገሪላት። (ሠራተኞች እንዳያጭበረብሩ የተጨመረ ነው።)

4.

በዚያ አገር ሚስት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ነውር ነው። ሃያ ዓመት አንድ ግቢ ኖራ፣ ቀብሩ ላይ አልቅሳ፣ ስሙን አንድ ቀን ከአፏ ሳታወጣ ትሞታለች። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። አንዲት ሴት መጠየቅ ይበቃል።

አንዲት።

5.

ታመነች በሥልጠናው ላይ እጇን አውጥታ ይህንኑ ተናግራ ነበር። አሠልጣኙ ጥሩ ነጥብ ነው ብሎ በሰማያዊ ማርከር ትልቁ ወረቀት ላይ ጻፈው። ከዚያ ምሳ ሆነ። ከምሳ ሲመለሱ ወረቀቱ ተገልብጧል። የበላችው ጥብስ ቅባት ቀኑን ሙሉ ከጣቷ አልለቀቀም።

6.

ሴቶቹ ስሙን አንጠራም አሉ። ስለዚህ ታመነች በር ዘግታ ሠላሳ ስምንት ሴት ሆነች፤ ድምፅዋን እያቀጠነች፣ እያጎረነነች፣ እየሳለች። በሠላሳ ዘጠነኛዋ ላይ ታብሌቱ ነቃባትና ሁሉንም ሰረዘ።

ሠላሳ ዘጠነኛዋ ዳሹሬ ነበረች።

7. ከፕሮጀክቱ ሪፖርት

«በቀበሌው ለታየው ዝቅተኛ ምዝገባ ምክንያቱ የማኅበረሰቡ የግንዛቤ እጥረት ነው።»

(አንባቢ ሆይ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ይበልጥ አስቀያሚ ላደርገው ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አልቻልኩም።)

8.

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዳሹሬን በቃሬዛ አመጧት። ስምንት ወሯ ነው፤ ደም ይፈሳታል። ሆስፒታሉ በሸክም የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ታመነች የአምቡላንሱ ሹፌር ጋ ደወለች።

ሹፌር፦ የምዝገባ ቁጥሯን ላኪልኝ።

ታመነች፦ አልተመዘገበችም። ደም እየፈሰሳት ነው እኮ።

ሹፌር፦ እህቴ፣ ያለ ቁጥር ነዳጅ አይቀዱልኝም። ታንከሩ ባዶ ነው።

ታመነች፦ በእኔ ስም አስቀዳ።

ሹፌር፦ አንቺም አርግዘሻል እንዴ?

(ሳቀ። ከዚያ አፈረ።)

ሹፌር፦ ቁጥሩን ብቻ። በሃያ ደቂቃ እደርሳለሁ።

9.

ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ የዳሹሬ ባል አባት ናቸው። ነገሩ ሲገባቸው ታብሌቱን ከታመነች እጅ ተቀብለው የገዛ ስማቸውን ጮክ ብለው ነገሩት።

የወንድ ድምፅ። እንደገና ይሞክሩ።

10.

ሽማግሌው ምራታቸው አጠገብ አፈር ላይ ተንበረከኩ ቢባል ማንም አያምንም። ተንበረከኩ።

«ጥሪኝ ልጄ» አሏት። «እኔው ፈቅጃለሁ።»

ዳሹሬ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ታመነችም ጎንበስ ብላ ጥሪው፣ ጥሪው በቃ፣ ትላት ጀመር፤ የራሷን ድምፅ ስትሰማ የአሠልጣኙ መሰላት፣ አስጠላት፣ ግን አላቆመችም።

ታብሌቱን ወደ ዳሹሬ አፍ አስጠጋች፤ ለመልስ አሥር ሰከንድ ይሰጣል።

11.

ስም፦