ከሠርጉ በፊት የተገኘ ሠርግ

ጃቢር ሞተሯን ገፍቶ ከግቢ ሲያወጣ የጎንደሯ አዲስ ዓለም ሰው ገና ከሱብሒ ሶላት እየተመለሰ ነበር። አባቱ ዐብዱልከሪም የታመመ ጉልበታቸውን እያሻሹ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። በእጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ ይዘዋል።

ከመካነ ብርሃን አፋፍ የሚኖሩት አያ አድማሴ የዐብዱልከሪም የገበያ ወዳጅ ናቸው። ጎንደር ሲወርዱ እዚህ ቤት ያድራሉ፤ ዐብዱልከሪምም ጃናሞራ ሲወጡ የሚያድሩት እዚያ ነው። አያ አድማሴ በደገሱ ቁጥር ለሙስሊም እንግዶቻቸው ድስቱንም ገበታውንም ለብቻ ያዘጋጃሉ። በጉን ግን ከዐብዱልከሪም ቤት በቀር ማንም እንዳይባርከው ምለዋል። ዛሬ ልጃቸውን ፋሲካን ይድራሉ፤ የዐብዱልከሪም ጉልበት ደግሞ መንገዱን እምቢ ብሏል።

ስለዚህ የተላከው ጃቢር ነው፤ ያውም ብቻውን፣ ያውም በሞተር። ኮሌጅ ጨርሶ የአባቱን የጨርቅ ሱቅ መርዳት ከጀመረ ወዲህ ለደጋ ደንበኞች ዕቃ በሞተር ላድርስ እያለ ሲለምን ከርሟል። አባቱ ግን ሞተር የከተማ ናት፣ ከከተማ ከወጣች እሸጣታለሁ ባይ ናቸው። ትናንት ማታ እናቱ ፈህሚያ ገብተውበት ተስማሙ። የአድማሴ እንግዶች በሰዓቱ ሥጋ ከበሉ ሞተሯ የጃቢር ትሆናለች፤ ምስር ወጥ ከቀረበላቸው ትሸጣለች።

ጃቢር ለማንም ያልተናገረው ነገር ነበር። እስከ ዛሬ የበግ እግር ይዞ ያውቃል እንጂ ራሱ አርዶ አያውቅም።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ ጓንቱን አልፎ ጣቱን ነከሰው፤ ዳባት ሲደርስ ፀሐይ አገኘችው። በየአውድማው በሬዎች ገብስ ላይ ይዞራሉ፤ ገለባው በነፋስ ተነሥቶ መንገዱን ሲያቋርጥ ሄልሜቱን ይዳብሰዋል። ደባርቅ ላይ አስፋልቱን ተሰናብቶ ኮረኮንቹን ያዘ። ከሳንቃበር ወዲያ መንገዱ ከገደሉ ጠርዝ ተጠግቶ ይሄዳል፤ ታች ያሉት ተራሮች አንዱ ከሌላው ኋላ እየደበዘዙ ሰማዩ ውስጥ ይገባሉ። ጃቢር በቃሉ የሚያውቀውን ዘፈን ሁሉ ዘፈነ። ሲያልቅበት እንደ አባቱ ድምፁን ወፈር አድርጎ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ማለቱን ይለማመድ ጀመር።

አንድ ቦታ ላይ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መንገዱ ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ አገኘ። ክላክስ ቢያደርግ አውራው ጎፈሩን ነስንሶ ጀርባውን ሰጠው። ጃቢር ሞተሯን አጥፍቶ እስኪያልፉ ጠበቀ። ቧሂት ተራራ ጫፍ ላይ ደግሞ ሞተሯ እንደ አባቱ ጉልበት አቃሰተች። ወርዶ እየገፋ አሳለፋትና ማዶውን ሲያየው፣ ያ ሁሉ አገር ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ፣ ብቻውን ቆሞ ሳቀ።

አባቱ የነገሩት ምልክት ግልጽ ነበር። ከቧሂት ወርደህ፣ ከተማው ሳትገባ፣ በግራ እጅህ ባሕር ዛፍ ሥር ዳስ ታያለህ፤ በጉ ደጅ ላይ ታስሮ ይጠብቅሃል። እነሆ በግራ በኩል ባሕር ዛፍ፣ ከሥሩ ዳስ፣ ደጁ ላይ ነጭ በግ። ኩታ የለበሱ ሽማግሌ ሞተሩን ሰምተው ወጡ፤ ጃቢር ከአያ አድማሴ ዘመዶች አንዱ መሰሉት።

«ምነው ቆየህ ልጄ? እንግዶቹ እኮ በጉን እያዩ ጦማቸውን ሊውሉ ነው።»

ጃቢር የአባቱን ጉልበት ምክንያት አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌው እግዜር ይማራቸው ብለው በጉ ዘንድ ወሰዱት። ቢላዋውን ከጨርቁ ሲፈታ ተጣድፎ ጣለውና አነሣው።

የበጉን እግር የያዘው ጎልማሳ አየት አደረገውና «ቀስ በል፣ የትም አይሄድም፤ እኔ ይዤዋለሁ» አለው።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጃቢርም ሳቀ። ቢላዋውን ከበጉ ዓይን ሰውሮ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዞረው፤ ቃሉን ተናግሮ በአንድ ስበት ጨረሰ። ሽማግሌው ሸጋ ነው አሉ።

ከዚያ እናቱ ለሙሽራዋ የላኩትን ሻሽ አውጥቶ ፋሲካ የት እንዳለች ጠየቀ።

«ፋሲካ ደግሞ ማን ናት? የኔዋ ለተ ማርያም ናት።»

«የአያ አድማሴ ቤት አይደለም እንዴ?»

«እኔ ዳኛው እባላለሁ። አድማሴ ከዚህ ወዲያ ነው፣ ሁለቱን ሸንተረር ተሻግረህ።»

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ወዲያው አንድ ሰው ቢላዋ ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ በበቅሎ ደረሰ። አያ ዳኛው ያስጠሩት እውነተኛው ሙስሊም አራጅ ነበር። የሚገፈፈውን በግ አይቶ ለኔ ምን ተረፈኝ ቢል፣ አያ ዳኛው መብላቱ አሉት። ጃቢርንም ነገ ስትመለስ እኔ ቤት ካላደርክ እንቀያየማለን ብለው ለቀቁት።

ሁለቱን ሸንተረር እንዴት እንደተሻገረ ራሱም አያውቀውም። ባሕር ዛፉን፣ ዳሱን፣ በጉን አየ፤ አሁን ግን ገና ሞተሯን ሳያጠፋ የማን ቤት ነው ብሎ ጮኾ ጠየቀ። መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ የነበሩት አያ አድማሴ ናቸው። ከኋላቸው ሴቶቹ የምስር ወጡን ድስት ከፍተው ጭልፋ ይፈልጋሉ። አያ አድማሴ ክደኑት አሏቸው።

ይህኛውን በግ ጃቢር ማንም ቀስ በል ሳይለው አረደው።

«የአባትህ እጅ ነው» አሉ አያ አድማሴ።

«የአያ ዳኛው በግ ነው ያስተማረኝ» አለና የሆነውን ተናገረ። አያ አድማሴ እስኪያለቅሱ ሳቁ፤ ለእያንዳንዱ እንግዳም እንደገና ያስነግሩት ጀመር። ጥብሱ ከሙሽራው አጃቢዎች ቀድሞ ገበታ ላይ ደረሰ።

ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቶ ሲደውል አባቱ ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሱትም። ባለበቅሎው አራጅ ለካ ጨርቅ ከሱቃቸው የሚወስድ ደንበኛ ነው፤ ቀድሞ ደውሏል።

«ስንት በግ እንድታርድ ነው የላክሁህ?»

«አንድ፣ አባዬ።»

«ስንት አረድክ?»

«ሁለት።»

ከበስተኋላ እናቱ ሲስቁ ይሰማል።

«ሞተሯስ?» አለ ጃቢር።

«አያ ዳኛው በመጪው እሑድ የወንድሙን ልጅ ይድራል፤ በአራጁ ስልክ ያን ልጅ ላክልኝ ብሎኛል» አሉ ዐብዱልከሪም። «በእግርህ ልትሄድ ነው እንዴ?»