ከምግብ በኋላ የመጣ እንክብል

ልብስ ሰፊዋ የእንጀራ እናቷን ቤቷ ስታስገባ ሰፈሩ ሊያጨበጭብላት ምንም አልቀረው። አሮጊቷ ቆሽታቸው ታሞ ተቆርጦ የወጣላቸው፣ የወለዱት ልጅ እንኳ ስልካቸውን ማንሳት ያቆመ፣ ማረፊያ ያጡ ሴት ነበሩና። "እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይገኛል?" ተባለላት። ሰፈር የልብን ነገር ምን ያውቃል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ቤቷ ያስገባቻቸው የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ አንድ ነገር ስለነገረቻት ነው። ባለሙያዋ የአንጀት ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ "ምግብ አፍ ውስጥ በምራቅ መፈጨት ይጀምራል፤ ጨጓራም ሥጋውን ትንሽ ያላላዋል። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን ከቆሽት የሚመጡት ኢንዛይሞች ናቸው። እነሱ ከሌሉ ቅባቱም ሥጋውም በደንብ ሳይፈጭ ያልፋል" አለቻት።

"ቢበሉም?"

"የፈለጉትን ያህል ቢበሉ። የአንጀት ግድግዳ ወደ ደም የሚያሳልፈው ደቃቁን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ኢንዛይሙ በእንክብል የሚሰጣቸው። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ይዋጡት። ምግቡ ካለፈ በኋላ ቢውጡት ዋጋ የለውም።"

ለልብስ ሰፊዋ ወዲያው ገባት። ጣቃ ጨርቅ መቀስ ካልነካው ቀሚስ አይወጣውም፤ ሠርጉ ካለፈ በኋላ የመጣ መቀስ ደግሞ ምን ይረባል? "እኔ እወስዳቸዋለሁ" አለች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እሱ መንገድ ሲወጣ የምግቡ ቁም ሳጥን ይቆለፋል፤ ቁልፉ የእንጀራ እናቷ የእትዬ አንገት ላይ ይውላል። ልጅቱ ሌሎች የበሉበትን ሳህን ታጥባለች፤ ከማጠቧ በፊትም ትልሰዋለች። አባትየው ሲመለስ ግን ሳህኗ ተቆልሎ ይቀርባል። አጥንቷን አይቶ ሲደነግጥ እትዬ፣ "ትበላለች እኮ፤ ሰውነቷ አይቀበልም" ይሉታል። እሱም ያምናል። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ አደገች።

አሁን ተራው የሷ ነው። ሥጋውን ትጠብሳለች፣ እንቁላሉን ትጨምራለች፣ ሳህኑን ትቆልላለች፤ ጎረቤት ሲኖር ደግሞ አብልጣ ትቆልላለች። አሮጊቷ ጥርግ አድርገው ይበላሉ። እንክብሉ የሚመጣው ሳህኑ ታጥቦ፣ ጠረጴዛው ተወልውሎ፣ እሷም ሁለት እጅጌ ሰፍታ ከጨረሰች በኋላ ነው። ከዚያ የአሮጊቷ ሆድ ይነፋል፤ መጸዳጃ ቤት ይመላለሳሉ። እየበሉ ከሱ። የሰፋቸውን ቀሚስ የምታጠብበው እሷው ናት፤ ባጠበበች ቁጥር አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እሷ ጸሎቱን ትታ ቂሙን ብቻ ያዘች።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ፣ "ምነው እትዬ እንዲህ ከሱ?" አለቻት።

"ይበላሉ እኮ፤ ሰውነታቸው አይቀበልም።"

አሮጊቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡና ልብስ ሰፊዋን ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ማንኪያውን አንስተው መብላት ቀጠሉ። እንዳወቁባት አወቀች። አሁን ይለምኑኛል ብላ ጠበቀች፤ ይህን ልመና ለመስማት ነበር ይህን ሁሉ ዘመን የኖረችው። አልለመኑም።

በቀጠሮው ቀን ባለሙያዋ ሚዛኑን አይታ ፊቷ ተለዋወጠ። "እንዲህ ከቀጠለ አያዛልቅዎትም። እንክብሉን መቼ ነው የሚወስዱት?" አለች፤ ዓይኗ ግን ልብስ ሰፊዋ ላይ ነበር።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ አሮጊቷ። "እሷ በሰዓቱ ትሰጠኛለች፤ እኔ ነኝ ምላሴ ሥር ደብቄ የምተፋው። ምንም አላጎደለችብኝም።"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ያለቅስ ነበር። የሷ ግን ቆሽቷ ድብን አለ። በአንዲት ውሸት የልጅነት ዘመኗን ረሃብ ሊዘጉት ነው? ደግ ሆነው፣ በሰፈር እንባ ተሸኝተው ሊሞቱ ነው? እሷስ ሆዷ ውስጥ ያለውን ለማን ልትናገር ነው?

ቤት እንደደረሱ ምሳ አቀረበች። አሮጊቷ እጃቸውን ወደ ዳቦው ሲሰዱ ያዘችና እንክብሉን መዳፋቸው ላይ አኖረች። ከፊታቸውም ተቀመጠች።

"ከጉርሻው ጋር ይዋጡት።"

የአሮጊቷ ዓይን እንባ ሞላ። "ይቅር አልሽኝ ልጄ?"

"አላልኩም፤ አልልምም። ግን አይሞቱብኝም እትዬ። የሚበሉት ሁሉ ደም ይሆንዎታል፤ ጆሮዎ እንዳይደክም ነው የማበላዎ። እኔ ያልበላሁበትን ቀን ሁሉ፣ እርስዎ በበሉ ቁጥር እነግርዎታለሁ። ይጉረሱ።"

አሮጊቷ እንክብሉን ከዳቦው ጋር ዋጡ።

"አባዬ በሄደ በማግስቱ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ። "እንቁላል እየጠበሱ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ።"

አሮጊቷ መጉረስ አቆሙ።

"ይብሉ" አለቻቸው። "ገና አልጀመርኩም።"