የይሄይስ ልብ በስሜነሽ ወፍጮ ቤት

ይሄይስ ዓይኑን በጨው አጥቦ ስሜነሽ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ። ሰው አያፍርም ወይ? ባሏን መሳፍንትን በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ገደል ከከተተው በኋላ፣ ዳኛ ፊት «አዳልጦት ነው» ብሎ ምሎ፣ ምስክር ጠፍቶ ነፃ የወጣው ይኸው ሰውዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ባየችው ቁጥር ዘንቢሏን አንሥታ ትመለሳለች።

እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም ይባል የለ? የይሄይስ ልብ ደከመ። ልጁ ሕንድ አገር ወስዳ ደም የሚገፋ ሞተር ልቡ ላይ አስገጠመችለት። ከሆዱ የወጣ ሽቦ በትከሻው ካንጠለጠላት የባትሪ ቦርሳ ጋር ይገናኛል። ባትሪው አለቀ ማለት ሰውዬው አለቀ ማለት ነው። ግምጃ ቤት ከተማ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ የእንጅባራው መንገድ ተዘግቷል፤ ናፍጣ የተረፈው ለስሜነሽ ጄኔሬተር ብቻ ነው።

ባትሪው ሊያልቅ ስለሆነ ቦርሳዋ ትጮሃለች። እህል ሊያስፈጩ የተሰለፉት ሁሉ ዞረው አዩት።

«ስሜነሽ፣ እባክሽ» አለ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ «ይችን ልሰካት።»

ስሜነሽ ደስ አላት። ምን ይደበቃል፣ ደስ አላት። ሄዳ ጄኔሬተሩን አጠፋችው። ወፍጮው ዝም ሲል የቦርሳዋ ጩኸት ብቻውን ቀረ።

ከተሰለፉት መካከል ሽማግሌው አያ አወቀ ተነሡ። «ተይ ልጄ፣ ነፍስ ነው። ደግሞስ ደመኛ ከደመኛው ቤት ከቀመሰ ደሙ ደረቀ አይደል? የዚህ ሰው ልብ ከቤትሽ መብራት ከቀመሰ እርቁ በዚያው አለቀ። ሁላችሁም ትገላገላላችሁ።»

ይሄይስ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ አለ፤ እሷም አየችው። ለካ ሰውዬው ባትሪውን ሲሞላ ደሙንም በዚያው ሊያስቀር ኖሯል።

«አያ አወቀ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አለች። «እሱ ግን መጀመሪያ እውነቱን ይናገር። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

«ፍርድ ቤት ተናግሬያለሁ» አለ ይሄይስ።

«እንግዲያው ፍርድ ቤት ሄደህ ሰካው።»

ጩኸቱ ፈጠነ። ይሄይስ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«እኔ ነኝ የገፋሁት» አለ በመጨረሻ።

«ወዲያው ሞተ?»

ይሄይስ የቦርሳዋን ሽቦ መነካካት ጀመረ።

«ወዲያው ሞተ ወይ ነው የምልህ።»

«አልሞተም። ከሥር ሆኖ ውሃ፣ ውሃ ይለኝ ነበር። ሰው ያየኛል ብዬ ጥዬው ሄድኩ።»

ይህን አታውቅም ነበር። መሳፍንት ሳይሰማው እንደሞተ እያሰበች ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የወሰዳት። አሁን ዝም ብላ ብትቆም ይበቃ ነበር። ግን ይሞትና «ምስኪን፣ በሽተኛ ነበር» ተብሎ ይለቀስለት? የት አባቱ። ይኑር፤ ሰው እያወቀው ይኑር።

ጄኔሬተሩን አስነሣች። ገመዱንም ተቀብላ በገዛ እጇ ሰካችው። ጩኸቱ ቆመ፤ ይሄይስም ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ።

«ተባረኪ፣ ይኸው ታረቃችሁ» አሉ አያ አወቀ።

ይሄይስ ምላሱ ደርቆ «ውሃ» አለ።

ስሜነሽ ከጀሪካኑ በጣሳ ቀድታ ለአያ አወቀ ሰጠች። «መብራቱን የሰጠሁት ለብረቱ ነው» አለችው ወደ ይሄይስ ዞራ። «ብረት ከእኔ ጋር ደም የለውም። አንተ ግን ከቤቴ አንዲት ጠብታ አትቀምስም። ነገም ባትሪህ ሲያልቅ ና፤ እሰካልሃለሁ። እዚችው ተቀምጠህ እኛ ስንጠጣ ታያለህ።»

አያ አወቀ ጣሳውን እንደያዙ ቆዩ። ይሄይስ እጁን ዘረጋላቸው። እሳቸው ግን አንድ ጉንጭ ጠጥተው ከጎናቸው ላለው ሰው አቀበሉት።