ፈረስ መንገዱን ያውቃል

«በአንድ እግር አይኬድም» አሉ አቶ ወልደሰንበት፣ የአረቄውን ጠርሙስ ወደ ሞተረኛው ሮብሳን መለኪያ ዘንበል እያደረጉ። «ድገም እንጂ ልጄ። ለቅሶ ሲዋል ጉሮሮ ይደርቃል።»

ሮብሳን ለወጉ ያህል መለኪያውን በመዳፉ ሸፈን አደረገና ወዲያው እጁን አነሣ። ከእግሩ ሥር አንድ ጥቁር ሄልሜት አፉን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ውስጡ ቆሎ ተሞልቶበታል። ሳህን ስላነሰ፣ አንዱ ቤት ገብቶ ከሚስማሩ ላይ ያወረደው የሟቹ የሆርዶፋ ሄልሜት ነው። ጓደኞቹ ሞተረኞች ዙሪያውን ተቀምጠው ተራ በተራ ይዘግኑበታል።

ለንሳ ከድንኳኑ ማዶ፣ ከሴቶቹ መሀል ሆና ያንን ሄልሜት ታያለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ዛሬ የባሏ ሣልስት ነው። ከትናንት ጀምሮ ማልቀስ አቅቷታል። እንባዋ ያለቀ መስሏቸው ሴቶቹ ይጨነቁላታል። እንባዋ አላለቀም፤ ንዴት ቀድሞት ነው።

የሚያናድዳት ወሬው ነበር። ከእጃጂ ከተማም ከገጠሩም ለቀስተኛ በገባ ቁጥር አሟሟቱ እንደ አዲስ ይነገራል፤ በተነገረ ቁጥር ሌላ ምክንያት ይገኝለታል። «ያ መንገድ ድሮም ሰው በሊታ ነው» ይላል አንዱ። «ዓይን ነው እንጂ፤ ስንቱ ነበር የሚቀናበት» ትላለች ሌላዋ። ከጊንጪ የመጡት አክስቱ ጅብ አቋርጦት ነው ብለው ቆርጠዋል፤ ያውም ጅብ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ሁሉም ተናግሮ ተናግሮ ሲያበቃ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባልና ዝም ይባላል።

አረቄ ነው የሚል አንድም ሰው አልተገኘም። አረቄውን እየጠጡ እንዴት ይበሉት?

ሆርዶፋ ሳይጠጣ ሲነዳ እንደ ሽማግሌ ነበር። መንገድ ላይ ዶሮ ካየ ይቆማል። ምጥ የያዛትን ሴት ከገጠር ወደ ጤና ጣቢያ ሲያመጣ፣ ባሏን ከኋላ አስደግፎ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ይኸው ደረስን» እያለ ነበር የሚያደርሳት። ልጃቸውን በስሙ የጠሩ ሰዎች አሉ። ችግሩ ካደረሰ በኋላ ነው። በደረሰበት ደጅ ሁሉ ሰው ክንዱን ይዞ ይጎትተዋል። «ሳትቀምስማ አትሄዳትም» ይሉታል። እምቢ ካለ ይከፋቸዋል፤ እሱ ደግሞ የሰው ፊት ሲከፋ ማየት አይችልም። አንዱን ለአክብሮት ይጠጣል፤ በአንድ እግር አይኬድምና ይደግማል፤ ከዚያ ወደ ሌላ ደጅ። ማምሻውን ሲመለስ ሞተሩ ከሩቁ ያስታውቃል፤ ያጓራል፣ ያንባርቃል። ለንሳ በሩን ከፍታ ትጠብቃለች።

«ሆርዶፋ፣ ይሄ እኮ የእግር መንገድ ነው። ተማሪ ይሄድበታል። ውሃ የሚቀዱ ይሄዱበታል።»

«ሞተሩ ቤቱን ያውቃል» ይላታል እየሳቀ። «የአባቴ ፈረስ አያውቅም ነበር?»

አንድ ቀን ቁልፉን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀበረችበት። ሽቦ ከሽቦ አገናኝቶ አስነሥቶ ሄደ። ሄልሜቱንም ከአምቦ ገዝታ ያመጣችለት እሷ ናት። እሱ ግን የፊት መስተዋቱን ስስ ላስቲክ እንኳ ሳይልጥ ሚስማር ላይ ሰቀለው። «የክት ነው፣ እንዳይጫርብኝ» አላት። አልፎ አልፎ ግን ከገበያ እንቁላል ያመጣበት ነበር።

ስትለምነው የሰማ ሁሉ «የጴንጤ ልጅ ስለሆነች ነው» ይል ነበር። እውነት ነው፣ ከእነ ለንሳ ቤት መጠጥ ገብቶ አያውቅም። ግን እሷ የምታወራው ስለ ፍሬን ነበር። «ጸሎት ቤታችሁ ለሞተርም ሕግ አወጣ እንዴ?» ብሎ ሮብሳን የቀለደባት ቀን ሰው ሁሉ ሳቀ። ሆርዶፋም ሳቀ።

በመጨረሻው ቀን ከወንዙ ማዶ ሠርግ ነበር። የሙሽራዋን ዘመዶች ሲያመላልስ ዋለ፤ ባመላለሰ ቁጥር ተቀዳለት። ሲመለስ አስፋልቱ ላይ ትራፊክ ቆሟል ሲባል በባሕር ዛፉ ሥር ወደ እግር መንገዱ ታጠፈ። መሻገሪያው ላይ ውሃ የምትቀዳ ልጅ ነበረች። ሞተሩ ሲመጣባት ጀሪካኗን ጥላ ዳገቱ ላይ ዘለለች። ሆርዶፋ አልዘለለም፤ ከነሞተሩ መሻገሪያው ላይ ተከሰከሰ። ስለዚያች ልጅ በለቅሶው መሀል ማንም አያነሣም። እናቷ ግን በማግሥቱ መጥታ፣ የለንሳን እጅ ይዛ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ብዙ ተቀምጣ ሄደች። ከለቀስተኛው ሁሉ ነገሩ የገባት ያቺ ሴት ብቻ መሰለቻት።

«ስሙኝ እስቲ» አለ ጂራ ከሞተረኞቹ መሀል ብድግ ብሎ። የሆርዶፋ ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱም ሞተረኛ። ከጠዋት ጀምሮ ሲጠጣ ዓይኑ ቀልቷል። «ድሮ ሰው ሲሞት ፈረሱ ለቅሶ ይወጣ የለ? የወንድሜ ፈረስ ሞተሩ ናት። አቃንተናታል፤ ደጅ ቆማለች። ጃኬቱን አልብሻት እኔ እነዳታለሁ። እናንተ ክላክስ እየነፋችሁ ተከተሉኝ። እስከ መሻገሪያው ድረስ፣ እሱ በሄደበት መንገድ።»

ድንኳኑ ወደደው። «ወንድ ነህ» አሉት። አክስቱ ገና ከአሁኑ እልል እንደማለት ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ለንሳ በእጇ ጠቀሰችው፤ መጥቶ ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ጂራ፣ ፍሬኑ ተሠርቷል?»

«የኋላው ይይዛል።»

«የፊቱስ?»

«ለንሳ፣ ለቅሶ እኮ ነው። ቦሎ የምታዪ ትራፊክ ሆንሽ እንዴ?»

ከኋላው የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

«በእግራችሁ ሂዱ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ካልሆነም ነገ፣ ሳትጠጣ ንዳት።»

«ነገ ለቅሶው ተበትኖ ማን ያየዋል? ወንድሜን በእግሬ ልሸኘው?»

ትንፋሹ ፊቷ ላይ መጣ። የሆርዶፋ የማታ ትንፋሽ ነበር፤ ራሱ። አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። ጂራ የምታለቅስ መስሎት ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ተነሣ።

አቶ ወልደሰንበት ጠርሙሱን ይዘው ሲያልፉ የኮታቸውን ጫፍ ያዘች። ጎረቤታቸው ናቸው፣ የእድሩ ዳኛ፤ ከቀብሩ ጀምሮ ዓይናቸውን ሳይከድኑ ድንኳኑን ያቆሙ፣ ወንበር የለመኑ፣ እንግዳ ያስተናገዱ እሳቸው ናቸው። ስለዚህም ለመቆጣት እንኳ አይመቹም።

«ጋሼ ወልደሰንበት፣ እባክዎ ለሚነዱት አይቅዱላቸው።»

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ከልባቸው አዘኑ። «ልጄ፣ ከሆርዶፋ ለቅሶ ሰው አፉ ደርቆ ወጣ ይባል? እሱ ራሱ ቢሰማ ያፍርብኛል።»

«እሱ አይሰማም ጋሼ።»

«ተይ፣ ተይ። ሐዘን ነው የሚያናግርሽ። እግዜር ያጥናሽ።»

ሄደው ለሮብሳን ደገሙለት። በፊት ለንሳ የምትለው ሁሉ የጴንጤ ነገር ነበር፤ አሁን የሐዘን ነገር ሆነ። የምትናገረው ነገር የራሷ የሚሆነው መቼ ነው?

ሞተረኞቹ ለመነሣት ሲያኮበክቡ አንድ ለቀስተኛ ወደ ድንኳኑ ራስ ዞሮ፣ «ኦቦ ቱፋ፣ እስቲ የዳማን ነገር አንዴ ያጫውቱን፤ ልብዎም ይረፍ» አለ። የሆርዶፋ አባት በከዘራቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል። በጉብዝናቸው ከአምቦ እስከ ካቺሲ የሚታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። ልጃቸው ከተቀበረ ወዲህ ከአፋቸው ብዙ ቃል አልወጣም። የፈረሱን ስም ሲሰሙ ግን ቀና አሉ።

«ዳማ ሰው ነበር» አሉ። «ከካቺሲ ገበያ ስመለስ በየዘመዱ ቤት እጠጣለሁ። ኮርቻው ላይ እተኛለሁ። ዳማ ወንዙን ያሻግረኛል፣ ገደሉን ያዞረኛል፣ የግቢውን በር በደረቱ ገፍቶ ይገባል። ከዚያ እንዳልወድቅበት ሳይነቃነቅ ይቆማል። ባለቤቴ በጠዋት ስትወጣ ከነኮርቻው ታገኘኛለች። ‹ይህ ፈረስ ባይኖር ባል አልነበረኝም› ትል ነበር።»

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ሐዘን ቤት ሲሳቅ ሰው ሁሉ ቀለል ይለዋል። ጂራም እየሳቀ ዓይኑን ጠረገ። «ፈረስ መንገዱን ያውቃል» አሉ ኦቦ ቱፋ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

«አባ» አለች ለንሳ።

ሴቶቹ ዞረው አዩዋት። በዚህ ቤት ምራት በወንዶች ፊት አማቷን አታናግርም። ለንሳ ከተዳረች ጀምሮ ስማቸውን እንኳ ከአፏ አውጥታ አታውቅም፤ ሲጠሯት ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ነበር የምትሰማቸው። አሁን ግን ቀጥ ብላ እያየቻቸው ነው።

«ያን ጊዜ ዳማም ጠጥቶ ነበር?»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ኦቦ ቱፋ በደንብ ያልሰሙ መስለው ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ምን አልሽ ልጄ?»

«ፈረሱ። ለእሱም በየቤቱ ይቀዳለት ነበር ወይ?»

«ፈረስ አረቄ ይጠጣል እንዴ?»

«እኮ» አለች። «እናንተ ሁለት ነበራችሁ አባ። አንዱ አልጠጣም። ሆርዶፋ ብቻውን ነበር።»

የሆርዶፋ አክስት ነጠላዋን ጎተት አድርገው «ነውር ነው፣ ዝም በይ» አሏት። ኦቦ ቱፋ የከዘራቸውን ራስ በአውራ ጣታቸው እያሻሹ መሬት መሬት አዩ።

«እንሂድ» አለ ጂራ ወደ ደጅ እየቀደመ። ሞተረኞቹ ተከታትለው ወጡ። ወዲያው አንድ ሞተር ተነሣ። ለንሳ ከሺህ ሞተር ትለየዋለች። ያንን ድምፅ በር ከፍታ ስትጠብቅ ኖራለች።

ከፍራሹ ተነሣች። ሐዘንተኛ አይነሣም፤ ሴቶቹ በሁለቱም ክንዷ ያዟት። አስለቀቀች። ስታልፍ ያንን ሄልሜት ከነቆሎው አንሥታ ታቅፋ ወጣች።

ደጅ ላይ ሞተሩ የሆርዶፋን ጃኬት ለብሷል። የፊት ጎማው አሁንም ትንሽ ወደ ጎን ያያል። ጂራ ተቀምጦበት ጋዝ እየሰጠ ያስጮኸዋል። ሰው ዘወር ዘወር ሲል ኦቦ ቱፋ በከዘራቸው እየተመረኮዙ ከድንኳኑ ወጡ። ሊመርቁ የወጡ መስሎት ሁሉም ራሱን ዝቅ አደረገ። ከፊት ጎማው ፊት ሄደው ቆሙ።

«ውረድ» አሉት።

«አባ፣ መሄዳችን ነው።»

«ውረድ አልኩህ። የለቅሶ ፈረስ ላይ ሰው ተቀምጦ የት አይተሃል? ባለቤቱ ሞቷል። ኮርቻው ባዶውን ነው የሚወጣው። በእጅ ነው የሚሳበው።»

«ይሄ እኮ ሞተር ነው አባ።»

«ፈረሱ ናት ያልከው አንተ አይደለህም?»

ጂራ ዙሪያውን አየ። የሚያግዘው አላገኘም። እግሩን ለማውረድ ሲያሻግር ጫማው ጃኬቱ ላይ ተያዘና ሊወድቅ ሆነ፤ ሮብሳን ሊይዘው ሮጦ ራሱ ተንገዳግዶ ከአጥሩ ጋር ተላተመ። በሌላ ቀን ቢሆን ይሳቅ ነበር። ሁለቱም ቀና ሲሉ ሰው ሁሉ እያያቸው ነበር።

ሽማግሌው ቁልፉን አዙረው ነቀሉትና በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። «እናንተም አጥፉ» አሏቸው ለሌሎቹ። «እየገፋችሁ ተከተሉኝ።»

አቶ ወልደሰንበት ጠርሙሱን እንደያዙ ብቅ አሉ። «ኦቦ ቱፋ፣ እንግዲያው ለመንገዱ አንድ አንድ...»

«ውሃ አምጣላቸው» አሉ ኦቦ ቱፋ።

ከዘራቸውን ለጂራ ሰጡትና የሞተሩን መሪ ያዙ፤ በአንድ እጃቸው፣ ልጓም እንደሚያዝ አድርገው። ቀስ እያሉ መራመድ ጀመሩ። በለንሳ አጠገብ ሲያልፉ አላዩዋትም። ልክ ነሽ አላሉም። ነገ በእጃጂ የሚወራው ኦቦ ቱፋ የአባቶችን ሥርዓት አስከበሩ የሚለው ይሆናል። የአረቄው ስም አሁንም አልተነሣም። ወደፊትም ላይነሣ ይችላል። ይህ እንደገና አናደዳት።

ሄልሜቱን ደፋችው። ቆሎው መሬት ላይ ተበተነ፤ ዶሮዎች ከአጥሩ ሥር ሮጠው መጡ። የውስጡን ጨው በነጠላዋ ጠርዝ ጠረገችና፣ የአባቱን ከዘራ ይዞ የሚሄድበት ጠፍቶት ወደቆመው ጂራ ሄደች። ራሱ ላይ አጠለቀችለት። ማሰሪያውን ከአገጩ ሥር አስገብታ ቆለፈችው። እንደ ልጅ ቀና ብሎ ታሰረላት።

«በእግሬ እኮ ነው የምሄደው» አላት።

«አውቃለሁ።»

መስተዋቱን አወረደችለት። ከዚያ የላስቲኩን ጥግ በጥፍሯ ፈለገች፤ አገኘችውና ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብላ ላጠችው። የጂራ ዓይን በጥራት ታየ፤ እያለቀሰ ነበር። ለንሳ ላስቲኩን በጡጫዋ ጨምድዳ ይዛ ወደ ፍራሿ ተመለሰች።